የክትባት ቦታ የት ይሁን? ስንት ሰውስ ይመደብበት?

ጠያቂው በሰሜን ሸዋ ዞን በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የክትባት አስተባባሪ ናቸው። ወረዳቸው ከላይ ሜዳማ ደጋ፣ ከታች ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ነው። ባለፈው ዓመት የፔንታ አንድ (ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው የፔንታ ክትባት የመጀመሪያ ዶዝ) ሽፋናቸው ከ100 በመቶ በላይ ተመዝግቦ ሳለ በሸለቆው ጎጦች ኩፍኝ ወጣባቸው። አሁን በወረዳው ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው በወረዳው ከተማና በሁለት ጤና ጣቢያዎች ብቻ ትልልቅ የክትባት ማዕከል ከፍቶ ነርሶችን እዚያ ማሰባሰብ ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ቀበሌ እኩል ሦስት ሦስት የክትባት ቦታ መስጠት ነው። «የትኛው ይሻላል? በአንድ ቦታስ ስንት ባለሙያ እንመድብ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ከሁለቱ አንዱንም አልመክርም። የመጀመሪያው ለቁጥጥር ይመቻል፤ ሁለተኛው በስብሰባ ላይ ቅሬታ አያስነሣም፤ እናት ሕፃኗን አዝላ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ ግን ሁለቱም አይጠይቁም። ከዚያም በላይ ጥያቄው ራሱ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርጎ ይዟል። ሕፃኑ ጨርሶ ክትባት ካልጀመረ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የቦታ ነው። ጀምሮ ካቋረጠ ግን ቦታው ተደርሶበታልና ችግሩ የቀን፣ የሰው ወይም የአቀባበል ነው። የመጀመሪያውን የፔንታ አንድ ቁጥር ያሳያል፤ ሁለተኛውን በፔንታ አንድና በፔንታ ሦስት መካከል ያለው ልዩነት ያሳያል። በአንድ ቀበሌ 140 ሕፃናት ፔንታ አንድ ወስደው 119 ብቻ ፔንታ ሦስት ላይ ቢደርሱ 21ዱ አቋርጠዋል ማለት ነው፤ ይህም 15 በመቶ ነው። ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ማቋረጥ ባለበት ቀበሌ አዲስ ቦታ መክፈት ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ልጅ አያስከትብም። ስለዚህ ቦታ ከመምረጥዎ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በጎጥ ደረጃ ይለዩአቸው፤ የቀበሌው ድምር የሸለቆውን ጎጥ በደጋው ጎጥ ይሸፍነዋል።

ከ100 በመቶ በላይ የሆነው ሽፋን ሊያጽናናዎ አይገባም፤ ሊያስደነግጥዎ ይገባል። አካፋዩ፣ ማለትም በወረዳው አሉ የሚባሉት ሕፃናት ቁጥር፣ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ እየተሰላ የመጣ ትንበያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ከተማ ወጥቷል፣ ከሌላ አካባቢም ተፈናቅሎ መጥቷል። ተካፋዩም፣ ማለትም የተከተቡት ቁጥር፣ የራሱ እንከን አለበት፤ ከአጎራባች ወረዳ የመጣ ሕፃን ይቆጠራል፣ ዓመት ያለፈው ልጅም ከዓመት በታች ባሉት ተርታ ይመዘገባል። መፍትሔው በጤና ኬላው ያለውን የቤተሰብ ፎልደር (የየቤቱን ሰው የጤና መዝገብ) ከቤት ለቤት ቆጠራ ጋር ማመሳከር፣ ክርስትና ያስነሡትን ካህናትና የመስጊዱን ኢማም መጠየቅ፣ በየጎጡም የሕፃናቱን ስም የያዘ ዝርዝር ማውጣት ነው። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ሳይሠራ የሚወጣ የቦታ ዕቅድ ግን ግምት ብቻ ነው። ተፈናቃዮች ባሉበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ፣ ከቀበሌው መዝገብ ውጭ ያሉትን ልጆች ለብቻ ይቁጠሩ። ካርድ የሌለውን ልጅ እንዳልተከተበ ቆጥሮ በዕድሜው መከተብ ይገባል፤ መታወቂያ መጠየቅም ሆነ «ካርድ አምጡ» ብሎ መመለስ ትክክል አይደለም።

ኩፍኙም ከዚህ ስሌት የሚጠበቅ ነበር። በ9 ወር የሚሰጠው አንድ ክትባት ከተከተቡት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉን ይከላከላል። በአንድ ቀበሌ በዓመት 150 ሕፃናት ተወልደው 90 በመቶዎቹ ቢከተቡ እንኳ የተጠበቁት 115 ያህል ብቻ ናቸው፤ 35ቱ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ቁጥር መቶ ይደርሳል፤ የተጋለጡትም ያልተከተቡት በብዛት በሚኖሩበት ሸለቆ ይከማቻሉ። ኩፍኝን ለማቆም በሁለት ዶዝ 95 በመቶ ያህል ሽፋን ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዶዝ በኢትዮጵያ በመደበኛ መርሐ ግብር የገባው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን የሚሰጠውም በ15 ወር ነው። ብዙ እናቶች ግን በ9 ወር «ጨርሰሻል» የተባሉ ይመስላቸዋል፤ አንዳንድ ባለሙያም እንዲሁ ይላል።

ወደ ቦታው ልመለስ። በተለመደው አሠራር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለው ሕዝብ በቋሚ ቦታ፣ ከ5 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለው በአውትሪች (ባለሙያው በተወሰነ ቀን ወደ መንደር ወጥቶ በሚከትብበት ቦታ)፣ ከዚያ የራቀው በተንቀሳቃሽ ቡድን ይገለገላል። መመሪያው ለሜዳ አገር ጥሩ ነው። በጀማ፣ በወንጪትና በአዳባይ ሸለቆዎች፣ ከአንኮበር ወይም ከጣርማ በር ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ገደል ግን በካርታ ላይ በኮምፓስ የሚሠመር ክብ ትርጉም የለውም። ከአፋፉ ቆመው የሚያዩት መንደር በአየር 4 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ወርዶ መውጣቱ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሽቅብ በሚወጣው በኩል፣ በአንድ ሰዓት የምትደርስበት ቦታ ነው። ይህን ከካርታ አያገኙትም፤ የጎጡን ሴቶች «ወፍጮ የምትሄዱት የት ነው? በየት በኩልስ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ወደ ወፍጮ የሚወስደው የእግር መንገድ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከሚወስደው መንገድ ይልቅ የመንደሩን እውነተኛ አቀማመጥ ያሳያል።

በዚህ መለኪያ ሲሰላ የአንዳንድ ደጋ ቀበሌ ሕዝብ በሙሉ በጤና ኬላው ብቻ ይገለገላል፤ አንድ የቆላ ቀበሌ ደግሞ አራት ቦታ ሊያስፈልገው ይችላል። «እኩል ሦስት ሦስት» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ደጋው ሁለት ሥራ ፈት ቦታ ያገኛል፣ ቆላው አንድ ይጎድለዋል። የወረዳ ወሰንም አያግድዎ። ከወንዝ ማዶ ያለው ጎጥ ለጎረቤት ወረዳ ጤና ኬላ የሚቀርብ ከሆነ ከዚያ ወረዳ ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ ሕፃናቱን ለእነርሱ መስጠት ተገቢ ነው፤ ቁጥሩን ማን ያስመዝግብ የሚለውም በዚያው ስምምነት ይወሰን። በአፋር አዋሳኝ በሆኑ የቆላ ቀበሌዎች ደግሞ ከብት ተከትሎ የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ የትኛው ወር የት ውኃ እንደሚያጠጣ ሳይታወቅ ቦታ መወሰን አይቻልም።

ቦታው ራሱ ጥላ፣ ውኃና ጠረጴዛ ያለው፣ ሰው ሁሉ ያለ ቅሬታ የሚገባበት መሆን አለበት። ትምህርት ቤት፣ የገበሬ ማሠልጠኛ ጣቢያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ቅጥር ውጭ ያለ የዛፍ ጥላ ይመቻል። የሊቀ መንበሩ ግቢ ግን አይመችም፤ ከእርሱ ጋር በመሬት የተጣላ ቤተሰብ ልጁን ይዞ አይመጣም። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱም የማዳበሪያ ዕዳና የመሬት ግብር የሚጠየቅበት ከሆነ አባት የሆነ ሰው ሚስቱን ወደዚያ መላክ አይወድም። ይህን የሚጽፍ መመሪያ አላየሁም፤ ገጠር የሠራ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ገበያን በተመለከተ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰው ስለሚበዛ ብቻ ለመደበኛ ክትባት ገበያ ይመረጣል። አራስ ግን ገበያ አትወጣም፤ ጨቅላ ያላት እናትም ሕፃኗን ለአያቱ ትታ ነው የምትሄደው። ገበያ ለዘመቻና የክትባቱን ቀን ለማስነገር እንጂ ለስድስት ሳምንት ሕፃን አይሆንም። የበዓል ቀናት የተሻሉ ናቸው። በወር በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን በሚያከብር ጎጥ በእነዚያ ቀናት እርሻ ስለማይታረስ ሰው ቤቱ ወይም ደብሩ ነው፤ ቅዳሴ ሲወጣ ክትባት ቢጀመር እናቶች በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማሉ። ሙስሊሞች በሚበዙባቸው የይፋት ቆላ ቀበሌዎች የዓርቡን ጧት ከጁምዓ በፊት መጠቀም ይቻላል፤ ቀኑን ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ይወስኑት።

ፔንታ አንድ በ6 ሳምንት፣ ማለትም በ42 ቀን ይሰጣል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ በብዙ ቤት እናት ከዚያ በፊት ከቤት መራቅ አትፈልግም። ወንዱ በጊዜው ይደርሳል፤ ሴቷ ግን ከአንድ ወር በላይ ትዘገያለች። ቤተ ክርስቲያን ክትባትን አልከለከለችም፤ የልማድ ጉዳይ ስለሆነ ካህኑ ራሱ በዐውደ ምሕረት «ለክትባት መውጣት ነውር የለውም» ቢል የባለሙያ አሥር ትምህርት ያህል ይሠራል። ያም ሆኖ በእነዚህ ጎጦች ቦታው ለቤቶች እጅግ የቀረበ መሆን አለበት፤ በመዝገብዎ የሴቶቹ ፔንታ አንድ ከወንዶቹ ዘግይቶ ከተገኘ ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉት።

አሁን ስለ ሰው። የመደበኛ ክትባት ሥራ ጫና ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። 5,000 ሕዝብ ያለው ቀበሌ ከዓመት በታች ያሉት 3 በመቶ ያህል ናቸው ብንል 150 ሕፃናት አሉት። እያንዳንዱ ከልደቱ ክትባት በኋላ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር፣ ማለትም አምስት ጊዜ ይመጣል። ይህ በዓመት 750፣ በወር 63 ያህል ጉብኝት ነው። ግማሹን ጤና ኬላው ቢይዝና ሌላውን ሁለት የአውትሪች ቦታዎች ቢካፈሉት ለአንድ ቦታ በወር 16 ሕፃናት ይደርሱታል። ለአንድ ሕፃን ምዝገባውንና ምክሩን ጨምሮ 10 ደቂቃ ቢወስድ ጠቅላላው ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ከታቢ ይበቃል። በወረዳው ከተማ ነርሶችን ማሰባሰብ ለዚህ ችግር መልስ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ የጠፋው የሚወጋ እጅ ሳይሆን የሚሄድ እግርና የማይዛነፍ ቀን ነው።

አንድ ከታቢ ይበቃል ስል ግን አንድ ሰው ይበቃል ማለቴ አይደለም። ዝቅተኛው ቡድን ሁለት ባለሙያና አንድ የአካባቢው ሰው ነው። አንዱ ይከትባል፤ ሌላው ካርዱን አይቶ የሚገባውን ክትባት ይለያል፣ ይመዘግባል፣ የሚቀጥለውን ቀን ለእናቲቱ ነግሮ በካርዱ ላይ ይጽፋል፤ የአካባቢው ሰው ከቀሩት ዝርዝር እያየ ወደ ቤት ይልካል፣ ሰልፍ ያስይዛል። ሰልፍ የሚረዝመው አብዛኛውን ጊዜ በመርፌው ሳይሆን በምዝገባው ነው፤ ሁለተኛ ከታቢ ከመጨመር ሁለተኛ ጸሐፊ መጨመር ይሻላል። በቀበሌው ያሉት ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተያይዘው ከወጡ ጤና ኬላው ይዘጋል፤ በዚያ ቀን የመጣች ነፍሰ ጡርም ተመልሳ ትሄዳለች። እኔ የምመክረው አንዷ ከኬላው እንድትቀር፣ ሌላዋ ከጤና ጣቢያው ከተመደበ አንድ ነርስ ጋር እንድትወጣ ነው። ጤና ጣቢያው በሥሩ ያሉትን ኬላዎች የአውትሪች ቀን ካፈራረቀ አንድ ነርስ ብዙ ቦታ ይሸፍናል። ነርሱ የሚመደበው በስም እንጂ «ተረኛ» ተብሎ መሆን የለበትም፤ ተረኛ በሚል የተተወ ሥራ ባለቤት የለውም።

ከታቢ ሆኖ የሚመደብ ሰው ድንገተኛ የአለርጂ ድንጋጤን ለይቶ አድሬናሊን መስጠት የሚችል መሆን አለበት፤ መድኃኒቱና በዕድሜ የተለየ መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ከክትባቱ ሣጥን ጋር ይሂድ። ሕፃኑ ከተከተበ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከቦታው እንዳይርቅ ማድረግ የሦስተኛው ሰው ሥራ ነው። ያገለገለ መርፌ ሳይከደን በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል፤ ሣጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፣ ተመልሶም ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል እንጂ በትምህርት ቤቱ ጓሮ አይጣልም።

ዘመቻ ሌላ ስሌት አለው፤ የመደበኛውን የሰው ድልድል ለዘመቻ፣ የዘመቻውንም ለመደበኛው አይጠቀሙ። በኩፍኝ ዘመቻ አንድ ቡድን በመንገድ ዳር ከተማ በቀን ከ100 እስከ 150 ልጅ እንዲከትብ ይታቀዳል፤ በሸለቆው ግን ከ60 በላይ አላቅድም፤ ቀኑን የሚበላው መንገዱ ነውና። በሸለቆው 900 ልጆች ካሉ 15 የቡድን ቀን ያስፈልጋል፤ ይህም ሦስት ቡድን ለአምስት ቀን ነው። ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ መንገድ ላይ ቡድኑ የሚያድርበት ቤት፣ ስንቅና የውሎ አበሉ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ቡድኑ ከመንገድ ተመልሶ ቁጥር ይሞላል። ይህ የባለሙያው የጠባይ ጉድለት ተደርጎ ይወሰዳል፤ እኔ የዕቅድ ጉድለት ነው እላለሁ።

የቦታ ምርጫዎን የሚወስነው ሌላው ነገር የማቀዝቀዣው ሰንሰለት ነው። ክትባቶቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለባቸው። ሁሉም ሙቀትን ይፈራል፤ ፔንታን፣ የሳንባ ምቹን ክትባትና የቲታነሱን ግን ይበልጥ የሚገድላቸው በረዶ መሆን ነው። በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ ውርጭ ጧት በረዶ ሆኖ የወጣ አይስ ፓክ በቫክሲን ካሪየሩ (በክትባት መያዣው ሣጥን) ሲገባ ፔንታው እንዳለ ሊበላሽ ይችላል፤ ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክትም ይህን አያሳይም። አይስ ፓኩ ሲንቀጠቀጥ የውኃ ድምፅ እስኪሰማበት ድረስ ከፍሪጅ ውጭ ይቆይ። በሸዋ ሮቢትና በበረኸት በኩል ደግሞ ሥጋቱ የቀትሩ ፀሐይ ነው፤ እዚያ ሥራው በማለዳ ተጀምሮ ከቀትር በፊት እንዲያልቅ ያቅዱ። ፍሪጅ ያለው ጤና ጣቢያ በየቀኑ ይከትብ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መክተብ ከሩቅ የመጣን ሰው መመለስ ነው።

«ለሁለት ልጅ ብልቃጥ አንከፍትም» የሚለውን አሠራር ያስቁሙ። ከላይ በሰላነው ቦታ ከ16ቱ ሕፃናት ስድስቱ ያህል ለኩፍኝ የመጡ ናቸው፤ ብልቃጡ የ10 ሰው ስለሆነ አራት ዶዝ ይጣላል። ይህ አስቀድሞ የታወቀ ብክነት ነው፤ በጥያቄ ወረቀትዎ ላይ ይደመር እንጂ ልጅ አይመለስበት። አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ የኩፍኝና የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባት ከተበጠበጠ 6 ሰዓት ሲሞላው ወይም የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይጣላል። ለነገ ማቆየት ልጅ ይገድላል። መበጥበጫውም ከክትባቱ ጋር የመጣው ራሱ ይሁን።

ክረምቱን በተለየ ገጽ ያቅዱ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ወንዝ አንዱን ቀበሌ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በጅሩና በደነባ በኩልም መረሬው ጭቃ መኪናና ሞተር ሳይክል ይይዛል። ለእነዚህ ወራት ወንዝ የማያሻግር ሁለተኛ ቦታ ይምረጡ፤ በቅሎ መከራየት የሚቻልበት በጀትም ይያዝ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይደረስባቸው ጎጦች ካሉ በዓመት ቢያንስ አራት ዙር፣ በዙሮቹ መካከል አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እየተለየ፣ ተንቀሳቃሽ ቡድን ይሂድ። ሦስቱ ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ መንገድ ቢሆኑ ይመረጣል። ልዩነቱ ከአራት ሳምንት ቢበልጥ ካቆመበት ይቀጠላል፤ ከመጀመሪያ የሚጀመር ክትባት የለም።

ይህ ዕቅድ የማይፈታቸው ነገሮች አሉ። ክትባቱ ከላይ ሳይመጣ ሲቀር፣ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ፣ ወይም ቤተሰብ ባለፈው ጊዜ ሕፃኑ አተኩሶት ክትባቱን ፈርቶ ሲቀር ቦታ ማቅረብ ብቻውን አይበቃም። የመጨረሻው ምክርና ቤት ለቤት መሄድ ይፈልጋል፤ የፊተኞቹ ሁለት ከእርስዎ ሥልጣን በላይ ናቸው፤ እርስዎ ማድረግ የሚችሉት መንገዱ በተከፈተ ቀን የሚወጣ ቡድን በስም ተዘጋጅቶ እንዲቆይ ነው።

ስለዚህ ትልልቅ ማዕከሎቹን አይክፈቱ፤ እኩል ድልድሉንም አይቀበሉ። በመጀመሪያው ወር ከሸለቆው ጎጦች ጀምረው የሕፃናቱን የስም ዝርዝር ያውጡ፤ በሁለተኛው ወር በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ቦታዎቹን መርጠው ቀናቱን ከካህናቱ፣ ከኢማሞቹና ከእናቶቹ ጋር ይወስኑ፤ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ትንሽ ቡድን፣ በታወቀ ቀን፣ በየወሩ ሳያቋርጥ ይውጣ። ደጋው ላይ የተረፈውን ነርስ ለዚህ ያዙሩት። ከስድስት ወር በኋላ የየቦታውን መዝገብ ከስም ዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ፤ ከሚጠበቁት ግማሽ ያልመጡበት ቦታ ካለ ይነሣ። ከማንሣትዎ በፊት ግን ቡድኑ በተባለው ቀን ሁሉ መገኘቱን ከሦስተኛው ሰው፣ ማለትም ከመንደሩ ተወካይ፣ ለብቻው ይጠይቁ።